የልጅን ስልክ በስውር መክፈት ይገባልን?

በየቁምስናው በሚደረገው የወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስብሰባ ላይ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «አባ፣ ልጄ ስልኩን ታቅፎ ነው የሚተኛው፤ የሚጽፈውንም የሚጻፍለትንም አላውቅም። እንቅልፍ ሲወስደው ከፍቼ ባነብበት ኃጢአት ይሆንብኛል?» ጠያቂዋ፣ ብዙውን ጊዜ እናት ናትና፣ የምትጠብቀው አጭር መልስ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተጣምረው ይገኛሉ። አንደኛው፣ የወላጅ ሥልጣን በልጁ ላይ እስከ ምን ድረስ ይዘልቃል የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ፣ ልጁን ከጉዳት በእውነት የሚጠብቀው ምንድር ነው የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የምንከራከረው በአንደኛው ላይ ብቻ ስለሆነ ሁለተኛው ሳይመረመር ይቀራል። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ለማስቀደም እንሞክራለን፤ ስለ አንደኛውም አስቀድሞ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል።

«ስልኩን የገዛሁለት እኔ፣ ካርዱንም የምሞላለት እኔ» የሚለው ክርክር በቤታችን የተለመደ ነው፤ ግን ደካማ ክርክር ነው። የደብተሩንም ዋጋ የከፈለው አባት ነው፤ በደብተሩ ላይ የተጻፈው ሐሳብ ግን የልጁ ነው። ቅድስት መንበር እ.ኤ.አ. በ1990፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበሉት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ16ኛው አንቀጹ የልጅ የግል ሕይወትና ደብዳቤ ያለ አግባብ እንዳይደፈር ይከለክላል። የአገራችንም ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጹ የማንኛውንም ሰው የግል ሕይወት ሲያስከብር በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶችን ጨምሮ ነው። «ያለ አግባብ» የሚለው ቃል ግን በችኮላ የሚታለፍ አይደለም፤ አግባብ ያለው መግባት አለ ማለት ነውና። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሙሉ ሰው ነው፤ ሆኖም ገና ሙሉ ዐዋቂ አይደለም። ስለዚህ ወላጅ የመቆጣጠር ሥልጣን የለውም የሚል ሰው ቢኖር ያ ሰው መብትን ከብቸኝነት ጋር አደባልቆታል። ጥያቄው መቆጣጠር ይገባል ወይስ አይገባም የሚል አይደለም፤ እንዴት ባለ መንገድ የሚል ነው።

ስለ መንገዱ ሲነሣ ሽማግሌ ካህናት የሚያወጉት አንድ ነገር ትዝ ይላል። በቀድሞው ዘመን በብዙ የዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤቶች የተማሪ ደብዳቤ አለቃው ሳያየው አይወጣም፣ አይገባምም ነበር። ይህ ሁሉም ያወቀው ሕግ ስለ ነበረ ማንም ተታለልሁ አላለም። የሆነው ግን ምንድር ነው? ደብዳቤዎቹ ሁሉ አንድ ዐይነት ሆኑ፤ «እኔ ደኅና ነኝ፤ እናንተስ እንዴት ናችሁ» ብለው ያበቃሉ። የልብ ጉዳይ ያለው ተማሪ ለገበያ በወጣ ዘመድ እጅ ሌላ ወረቀት ይልክ ነበር። የዛሬው ልጅም ሁለተኛ አካውንት ለመክፈት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። በግልጽ የተደረገው ቁጥጥር ይህን ካስከተለ፣ በስውር የሚደረገው ምን ያስከትላል?

እኛ የሐረር ሰዎች ስለ መጠበቅ ከሌላው አገር ሰው የበለጠ ልናውቅ ይገባናል፤ በግንብ ውስጥና በግንብ ጥግ የምንኖር ነንና። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር እንዳሠሩት የሚነገርለት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጀጎል ግንብ ጥንታውያን በሮቹ አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ለመኪና መግቢያ የተከፈተው ስድስተኛው በር ኋላ የመጣ ነው። ግንቡ ከተማውን ከዓለም ለመለየት የተሠራ አይደለም። ሐረር በንግድ የምትኖር ከተማ ነበረች፤ ከዘይላና ከበርበራ ወደብ የሚመጣው ሲራራ ባይገባባት አንድ ዓመት እንኳ ባልቆመች ነበር። በሮቹ ቀን ይከፈታሉ፣ ሲመሽ ይዘጋሉ፤ በበሩ ላይም የሚጠይቅ ሰው ይቆማል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሲመጣ ማንነቱን አስነግሮ የአሚሩ ፈቃድ እስኪመጣለት በበሩ ላይ መጠበቅ ነበረበት። ከዚህም ሌላ አባቶች በግንቡ ሥር ለጅብ ማለፊያ ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎችን ትተዋል፤ ጅቡ በሌሊት ገብቶ ቆሻሻውን ጠርጎ ይወጣል። ጅብ የለም ብለው ልጆቻቸውን አላታለሉም፤ በየት እንደሚገባ፣ በስንት ሰዓት እንደሚገባ አስተማሯቸው እንጂ።

ስልክ እንግዲህ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያፈረሰ በር ነው። በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ አገልግሎቱን በሙከራ የጀመረው በጎረቤታችን በድሬዳዋ ነበር፤ ከዚያም ወደ እኛ ከተማ ደረሰ። ኢትዮ ቴሌኮም ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ በየቤቱ ገብቷል። የኢንተርኔት ዋጋ ከቀድሞው ቀንሷል፤ ያገለገለ ስልክም በየገበያው ይገኛል። በዚህ በር ላይ ግን «ማን ነህ? ከየት መጣህ?» የሚል የለም። የአርባ ዓመት ሰው «የ16 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ድሬዳዋ ነው የምማረው» ብሎ ቢጽፍ የሚመረምረው አያገኝም። ስለዚህ ወላጅ በሩ ላይ ዘበኛ ለማቆም መፈለጉ የተገባ ፍላጎት ነው። ዘበኛ ግን በበሩ ላይ ቆሞ የሚታይ ነው፤ የሚገባውም የሚወጣውም ያውቀዋል። ሌሊት ተነሥቶ የልጁን ስልክ የሚከፍት አባት ዘበኛ ሳይሆን ሌላ ነገር ይሆናል፤ የምን ስም እንደምንሰጠው አንባቢ ይፍረድ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ይኸውም ልጆቻችንን የሚጎዳው ሰው የሚሠራበት ዘዴ ነው። በዚህ ላይ በሰፊው መቆም ያስፈልጋል፤ ዘዴውን ያላወቀ ጠባቂ የሚጠብቀው ባዶውን በር ነውና።

ከቀላሉ እንጀምር። በግንቦት ወር 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛዎች በመሠራጨቱ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና እንዲሰጥ መደረጉ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ አንድ የማጭበርበር ሥራ ተፈጠረ፤ የፈተና ወቅት በቀረበ ቁጥር በቴሌግራም «የዘንድሮው መልስ በእጃችን ነው፤ ቀድሞ ለከፈለ» የሚሉ ቻናሎች ይበቅላሉ። ተማሪው ከእናቱ ሣንቲም ሰብስቦ ይከፍላል፤ የሚደርሰው ምንም የለም፣ ወይም ያለፈ ዓመት ወረቀት ነው። አጭበርባሪው ለምን ይህን ዕቃ መረጠ? ገዢው ሊከስሰው የማይችል ዕቃ ስለሆነ ነው። የተታለለው ልጅ ሄዶ «የሰረቀ ነገር ልገዛ ስል ተሰረቅሁ» የሚለው ለማን ነው? ለአባቱ አይናገርም፤ ለመምህሩም አይናገርም። ሌባው የሚተማመነው በዚህ ዝምታ ነው።

ከዚህ የከፋውም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። የማንንም ልጅ ታሪክ አልተርክም፤ ነገሩ በአብዛኛው የሚጓዝበትን ቅደም ተከተል ብቻ ላስቀምጥ። አንድ ያልታወቀ ሰው በቲክቶክ ወይም በፌስቡክ አንዲትን ተማሪ ያደንቃል፤ «ፎቶሽ ያምራል» ይላል። ቀጥሎ ሌሎች ወደማያዩት ወደ ግል መልእክት ይወስዳታል። ሳምንታት ያልፋሉ። ከእናቷ ጋር የተጣላች ዕለት የሚያዳምጣት እርሱ ነው። ከዚያ ፎቶግራፍ ይጠይቃል፤ አንድ ከላከች በኋላ ሌላ፣ ከቀድሞው የከፋ፣ ይጠይቃል። እምቢ ስትል ቋንቋው ይለወጣል፤ «ላባትሽ እልክለታለሁ፤ ለቤተ ክርስቲያናችሁ ሰዎችም አሳያለሁ» ይላታል። ወንዶች ልጆችም ከዚህ ነጻ አይደሉም፤ ከእነርሱ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ገንዘብ ነው።

እስቲ ይህን ዛቻ ደግመን እናስተውለው። «እመታሻለሁ» አላለም፤ ምናልባት በሌላ ክፍለ ዓለም የተቀመጠ ስለሆነ ሊመታትም አይችልም። ያለው «ላባትሽ እነግራለሁ» ነው። መሣሪያው ቢላዋ ወይም ጠመንጃ አይደለም፤ መሣሪያው እኛው ነን። የእኛን ቁጣ፣ የእኛን «አዋረድሽኝ»፣ የጎረቤትን አፍ ተበድሮ ነው ልጅቱን የሚያስገድዳት። አባቷን የማትፈራ፣ ወይም ፈርታም ቢሆን ሄዳ ልትነግረው የምትችል ልጅ ዘንድ ይህ ዛቻ ኃይሉን ያጣል። ስለ ልጆች ደኅንነት የሚጻፈው ምክር ሁሉ፣ ስለ ይለፍ ቃሉም ስለ ሌላውም፣ ጠቃሚ ነው፤ ይህን ሐቅ ግን የሚተካው የለም።

ይህ የጥቂቶች ጉዳይ ነው እንዳይባል፣ ዩኒሴፍ፣ ኢንተርፖልና ኤክፓት የተባለው ድርጅት ስለ ኢትዮጵያ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ጥናት ኢንተርኔት ከሚጠቀሙት ከ12 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆች 10 ከመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ በዚህ መንገድ ግልጽ የሆነ ወሲባዊ ጥቃት ወይም ብዝበዛ እንደ ደረሰባቸው ያሳያል። ይኸው ጥናት በተካሄደባቸው አገሮች ሁሉ የታየው ነገር ደግሞ ለፖሊስ ወይም ለሌላ አካል ያመለከቱት ልጆች እጅግ ጥቂት መሆናቸው፣ ጎጂውም ብዙ ጊዜ ልጁ የሚያውቀው ሰው መሆኑ ነው። ስለዚህ ጅቡ ሁልጊዜ ከሩቅ ጫካ አይመጣም።

ታዲያ በዚህ መካከል የልጁን ስልክ በስውር የሚያነብ ወላጅ ምን ያደርጋል? በአንድ ምሥጢር ላይ ሌላ ምሥጢር ይጨምራል። አንድ ሌሊት ክፉ ነገር ያገኛል እንበል። ያየውን ለመናገር ሰላይ መሆኑን መግለጥ አለበት፤ ስለዚህ ወይ ዝም ብሎ ይቃጠላል፣ ወይ በማግሥቱ በሌላ ሰበብ ይጮኻል፣ ወይ ስልኩን ነጥቆ ይሰብራል። ያ ያልታወቀ ሰው ለልጅቱ «አባትሽ አይረዳሽም» ብሏት ነበር፤ አሁን የነገራት እውነት ሆኖ ታያለች። በሚቀጥለው ጊዜ ስልክ የምታገኘው ከጓደኛዋ ነው፤ አባቷ ያን ስልክ ሊያነበው አይችልም።

ስልኩን ፈጽሞ መከልከልስ? ለትንንሾቹ አዎን፤ ቲክቶክም ፌስቡክም ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አልተፈቀዱም፤ ይህንንም የማያውቁ ወላጆች ብዙዎች ናቸው። ለታላላቆቹ ግን መዝጋት ብቻውን አያስተምርም። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በአገሪቱ ሁከት በተነሣ ጊዜ ኢንተርኔት በመላ ኢትዮጵያ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘግቶ ነበር። በተከፈተ ዕለት ልጆቻችን ወደ እርሱ የተመለሱት ከመዘጋቱ በፊት በነበራቸው ዕውቀት ነው፤ አንድ ፊደል አልጨመሩም።

ስለሆነም ከግንቡ ይልቅ ወደ ልጁ አእምሮ መመልከት ያስፈልጋል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ማስተዋል የተባለውን ምግባር ሲተነትን ስምንት ክፍሎች እንዳሉት ያስተምራል፤ ከእነዚህም መካከል ለመማር ዝግጁ መሆን፣ አርቆ ማየት፣ ዙሪያን መመልከትና ጥንቃቄ ይገኛሉ። ማስተዋል በጊዜና በልምድ የሚመጣ ስለሆነ በወጣት ዘንድ ገና ያልበሰለ መሆኑንም አይሸሽግም። ያልበሰለ ማለት ግን የሌለ ማለት አይደለም፤ የሚበስለውም በመሥራት ነው። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን በተኵላዎች መካከል ሲልካቸው የእባብን ልባምነትና የርግብን የዋህነት አጣምረው እንዲይዙ አዘዛቸው። እኛ ግን ለልጆቻችን የርግብን ብቻ ስናስተምር ኖረን፣ እባብ ሲገጥማቸው ለምን አላወቃችሁም ብለን እንቈጣለን።

ልባምነቱን ማስተማር ማለት ደግሞ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማሳየት ነው። በስልክ በመልእክት የምትደርስ የቁጥር ኮድ የቤት ቁልፍ ናት፤ «በስሕተት ወዳንተ የተላከች ኮድ አለችና አንብብልኝ» የሚል ሰው ቁልፉን እየጠየቀ ነው፤ በቴሌግራም ውስጥ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለውን ያበራ ልጅ ግን ኮዷ ብትወጣበት እንኳ አካውንቱ በቀላሉ አይወሰድበትም። በዚያው ስፍራ ስልክ ቁጥሩን ማን እንዲያይ፣ ማንስ ወደ ማያውቀው ግሩፕ እንዲያስገባው መወሰን ይችላል። ስልክ ለጥገና ወይም መዝሙርና ፊልም ለማስጫን ለሱቅ ሲሰጥ በውስጡ ያለው ፎቶ ሁሉ አብሮ ይሰጣል። በእኛ አገር አንድ ስልክ ለወንድምም ለእህትም ለአክስትም ያገለግላል፤ በሰው ስልክ የተከፈተ አካውንት ሳይዘጋ ከተመለሰ ባለስልኩ ሁሉን ያነባል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? የተላከ ፎቶም እንዲሁ ነው፤ ላኪው ቢሰርዘው ተቀባዩ አስቀድሞ ቀድቶታል። ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚባለው ዘዴ የአንዲትን ልጅ ፊት ከትምህርት ቤት ፎቶ ወስዶ በሌላ ገላ ላይ መለጠፍ ይቻላል። በመሆኑም «ባትልኪ ኖሮ» የሚለው ወቀሳ ለሁሉም የሚሠራ አይደለም፤ ምንም ያልላከች ልጅም ትያዛለች።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች «እኛ ራሳችን የማናውቀውን እንዴት እናስተምር?» ይላሉ። ቅዱስ ቶማስ ለዚህም መልስ አለው፤ ለመማር ዝግጁ መሆን ሲል ሊቃውንትንም ይጨምራል፤ ማንም በሁሉ ነገር ለራሱ የሚበቃ የለምና። እንዲያውም አንድ የምናልፈው ነገር አለ። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በስንት ቤት ነው «ነይ ልጄ፣ ይህችን ገንዘብ ላኪልኝ» የሚባለው? ማንበብ የማይችሉ አያት፣ ዐይናቸው የደከመ አባት የምሥጢር ቁጥራቸውን የሰጡት ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል አጭበርባሪ ሲደውል መጀመሪያ የሚሰማውና «እማማ፣ ይዝጉት» የሚለው ያ ልጅ ነው። የቤቱን ገንዘብ አምነን የሰጠነውን ልጅ በቴሌግራም ጽሑፉ እንደ ሌባ እናየዋለን፤ ይህ ምንኛ የማይገጥም ነገር ነው! በገንዘቡ ላይ ዘበኛ ያደረግነው ልጅ በራሱም ላይ ዘበኛ መሆንን ሊማር ይችላል። ልጁ ለአያቱ ስለ አጭበርባሪው የሚያስረዳበት ሰዓት፣ አባትም ስለ ሌላው አጭበርባሪ ለልጁ የሚያነሣበት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ማንም በማንም ላይ አይፈርድም።

እ.ኤ.አ. በ2025 (ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.) ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛ ቅድስናውን ያወጁለት፣ በ15 ዓመቱ ያረፈው ካርሎ አኩቲስ ኮምፒዩተር የሚወድ ልጅ ነበር፤ ስለ ቅዱስ ቁርባን ተአምራት የድረ ገጽ ሥራ ሠርቷል። የኮምፒዩተር ጨዋታውን በሳምንት ወደ አንድ ሰዓት የወሰነው ራሱ ነበር ይባላል። መምህራን ሆይ፣ ይህን ታሪክ በልጆች ላይ እንደ በትር እንዳትጠቀሙበት አደራ፤ ቅዱስ ስለ ሆነ ሳይሆን ልኩን ራሱ ስለ ወሰነ ነው የጠቀስሁት።

ስለ ወሬም አንድ ቃል። በጥቅምት ወር 2012 ዓ.ም. በፌስቡክ ላይ በሌሊት የወጣ አጭር ጽሑፍን ተከትሎ በአገራችን በብዙ ከተሞች፣ በሐረርና በድሬዳዋም ጭምር፣ ሁከት ተነሥቶ ነበር፤ መንግሥት ከገለጸው 86 ሰዎች ሞተዋል። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ግንብ ውስጥ በሚገኙበት ከተማ አንድ ልጅ ያልመረመረውን ምስል ለመቶ ሰዎች ሲያስተላልፍ ጨዋታ አይደለም። ሕጉም፣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ያውቀዋል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2477 ያለ በቂ ማስረጃ በባልንጀራ ላይ መፍረድን ከሐሰት ምስክርነት ጋር አያይዞ ያስቀምጠዋል። ልጁ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ማን አለው? መቼ? ፎቶው የት ተነሣ? የሌላ አገር የቆየ ፎቶ በእኛ ከተማ ስም ሲዞር አይተናልና።

እንግዲህ ለእናትየዋ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። በስውር ማንበብን ልማድ ማድረግ አይገባም፤ ልጁን አይጠብቀውም፣ የሚጠብቀውንም ያፈርሳል። በግልጽ መቆጣጠር ግን ይገባል። ስልኩ ለልጁ በሚሰጥበት ዕለት ሕጉ ይነገረው፤ ስልኩ ሌሊት ሳሎን ያድራል፣ እስከዚህ ዕድሜ ድረስ አብረን እናየዋለን፣ ከዚያ በኋላ አንከፍትም፣ የሚባለው በቃልና በሁለቱም ፊት ይሁን። ዕድሜው ሲጨምር ቁጥጥሩ ይቀንስ። የሕይወት አደጋ ምልክት ከታየ፣ ልጁ መብላት ካቆመ፣ ራሱን ሊጎዳ ይችላል የሚያሰኝ ነገር ከተሰማ፣ መክፈት ግዴታ ይሆናል፤ በዚያው ቀን ግን «ከፍቼ አይቻለሁ፤ ስለ ፈራሁልህ ነው» ብሎ መንገር ያስፈልጋል። ከሁሉም በፊት፣ ምንም ሳይደርስ፣ በደኅና ቀን መነገር ያለበት ቃል አለ፤ «ምንም ነገር ብታደርጊ፣ ምንም ብትልኪ፣ መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ፤ አልቈጣም አልልሽም፣ ግን ካንቺ ጋር እቆማለሁ።» አልቈጣም ብሎ የሚምል አባት አይታመንም፤ እቆማለሁ የሚለው ግን ይታመናል።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ ሦስት ነገር መጨመር አለብኝ። ልጅ «ለማንም እንዳይናገሩ» ብሎ ሲቀርባችሁ ቃል አትግቡ። የንስሐ ምሥጢር ማኅተም የካህን ነው፤ በኑዛዜ ብቻም ነው፤ እናንተ ግን «የሚረዳሽን ሰው ሳልጠይቅ አልቀርም፤ ለማን እንደምነግር ግን አስቀድሜ ላንቺ እነግርሻለሁ» ብላችሁ እውነቱን ተናገሩ። ሁለተኛ፣ ከተማሪዎቻችሁ ጋር በግል፣ በተለይ በማታ፣ መልእክት አትጻጻፉ፤ ወላጆች ባሉበት ግሩፕ ይሁን። የሚጎዳው ሰው የእኛን ልብስ ለብሶ ሊመጣ እንደሚችል ቤተ ክርስቲያን በመራራ መንገድ ተምራለች፤ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ሕግ በካህናትና በገዳማውያን የሚፈጸም በደልን ሲዘረዝር በኤሌክትሮኒክ መንገድ የልጆችን የብልግና ምስል መያዝንና ማሠራጨትንም ያካተተው ስለዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ዛቻ የደረሰበት ልጅ ሲመጣ ገንዘብ እንዳይከፍል፣ ሌላ ፎቶም እንዳይልክ ንገሩት፤ ከፍርሃት የተነሣ መልእክቶቹን ሊሰርዝ ይፈልጋል፤ አትፍቀዱለት፣ ማስረጃ ናቸውና። ምስሉን ግን ለማንም፣ ለእናንተም ቢሆን፣ እንዳያስተላልፍ። ከዚያ ከወላጁ ጋር ሆናችሁ ወደ ፖሊስ ሂዱ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸመውን የብልግና ወንጀል በጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ በምስል ማስፈራራትም በዚያው አዋጅ ወንጀል ነው። በመንገድ ላይ ልጁ ስለ ጥፋቱ መናገር ከጀመረ አዳምጡት፤ ተግሣጹ ለሌላ ቀን ይቆይ፤ የዚያን ቀን ወንጀለኛው እርሱ አይደለም።